የጠጋኝ እውነትና ዋጋው

ሰው ለእጅ ባለሙያ ገንዘብ በሚከፍልበት ጊዜ የሚከፍለው ለምኑ ነው? ለድካሙ፣ ለጊዜውና ለጨመረው ዕቃ ነው ቢባል ማንም አይቃወምም። ስለ ነገረን እውነትስ የምንከፍለው አለን ተብሎ ቢጠየቅ ግን ብዙዎቻችን አስበንበት አናውቅም። በቀድሞው ዘመን ጥያቄው ይህን ያህል አያስቸግርም ነበር፤ የገበሬው ማረሻ ቢሰበር ስብራቱን ገበሬውም ቀጥቃጩም እኩል ያዩታልና። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የምንሠራባቸው መሣሪያዎች ግን ሕመማቸው በሆዳቸው ውስጥ ነው። ባለቤቱ የሚያውቀው ባለሙያው የነገረውን ያህል ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር ከላፕቶፕ መዳሰሻ ሰሌዳ፣ ማለትም በተለምዶ ታችፓድ ከሚባለው፣ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ጣት የሚንሸራተትበት ይህ ሰሌዳ በብዙዎቹ ላፕቶፖች ላይ ራሱ ቁልፍም ነው፤ የታችኛው ጠርዙ ሲጫኑት ዝቅ ይልና ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ይነካል። ቁልፉ አልታዘዝ ሲል ሥራ ይቆማል፤ ተጭኖ ሲቀር ደግሞ ጠቋሚው ቀስት የነካውን ሁሉ እየጎተተ ጽሑፉን ያተራምሰዋል። ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። አቧራ ገብቶ ይሆናል፤ ስኳር ያለበት ሻይ ፈሶ ደርቆ ይሆናል፤ ብሎን ከልክ በላይ ጠብቆ ወይም ማብሪያዋ አርጅታ ይሆናል፤ ሰሌዳው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጉድለቱ የፕሮግራም የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ከሰሌዳው ሥር ያለው የሊትየም ባትሪ አብጦ ሰሌዳውን ወደ ላይ ሲገፋው ነው፤ ያበጠ ባትሪ ቢወጋ ወይም ቢጨፈለቅ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና። ከውጭ ለሚያየው ሰው የእነዚህ ሁሉ ምልክት አንድ ነው፤ ዋጋቸው ግን እጅግ ይራራቃል።

በመቀሌ ከተማ፣ የከተማይቱ የመጠጥ ውኃ በሚቀዳባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች በታወቀው በዓይናለም፣ የሚኖሩ አንድ መምህር ወዳጅ አሉኝ። በበጋው አቧራ የላፕቶፓቸው ቁልፍ ተጣብቆ ቢያስቸግራቸው ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰዱት። ባለሙያው ሳይከፍተው «ሰሌዳው በሙሉ ይለወጥ» አላቸው። በሌላ ቦታ ያገኙት ወጣት ግን በፊታቸው ከፈተው፤ ባትሪውን ነቀለ፤ በማብሪያዋ ዙሪያ የተጋገረውን ቆሻሻ በብሩሽና በአልኮል ጠረገ፤ ብሎኑን አስተካከለ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ዋጋውን ሲጠራ መምህሩ፣ «ምንም ዕቃ አልጨመርህበትም እኮ!» አሉት። ወጣቱም፣ «መምህር፣ ዕቃ ለውጬ ቢሆን ኖሮ አይከራከሩኝም ነበር» ሲል መለሰላቸው።

ወዳጄ ይህን ያጫወቱኝ የወጣቱን ድፍረት እንደ ቀልድ ቆጥረው ነው። ለእኔ ግን ክስ መስሎ ታየኝ፤ የተከሰሰውም እርሳቸው ብቻ አይደሉም። «ይለወጥ» የሚለው ሰው ያለ ሙግት ይከፈለዋል፤ «የሚለወጥ የለውም» የሚለው ግን ለእንጀራው ይከራከራል። በሕክምናም እንዲሁ ነው፤ ሐኪሙ በሚገባ መርምሮ መድኃኒት አያሻዎትም ቢለው፣ መርፌ ሳልወጋ ተመለስሁ ብሎ የሚያማርር ስንት አለ! ሐሰተኛውን በገንዘባችን ስንሸልም ኖረን እውነተኛ ባለሙያ ጠፋ ብለን ማዘናችን ያስገርመኛል። በየቀኑ እራት የሚያሳጣ እውነትን ከድኻ ሠራተኛ ብቻ መጠበቅ ፍርድ አይደለም።

በመሥሪያ ቤት ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ዕቃ በሞዴል 19 ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል፤ እውነት ግን የሚመዘገብበት ሞዴል የለውም። የምርመራና የጽዳት ደረሰኝ ይዞ የቀረበ ሠራተኛ «የተለወጠው ዕቃ የታለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ከጥንቃቄ እንጂ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ሆኖም ያ ሠራተኛ በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃ ማስለወጡ ይቀለዋል።

ይህን ስል፣ ለምርመራ ብቻ ይከፈል ከተባለ ሳያይ አየሁ የሚል አይጠፋም የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ስለዚህ መሣሪያው በባለቤቱ ፊት ቢከፈት፣ የጉድለቱም ምክንያት በጽሑፍ ቢሰጥ መልካም ነው። ባለቤቱም ቢሆን ከመውሰዱ በፊት ሰሌዳውን በፕሮግራም ዘግቶ በማውዝ ቢሠራ፣ ችግሩ ከሰሌዳው ወገን መሆን አለመሆኑን በራሱ ሊረዳ ይችላል። ደግሞም ሐሰት የባለሙያው ብቻ አይደለችም፤ ሻዩ ከነስኳሩ በውስጡ ደርቆ ሳለ «ምንም አልፈሰሰበትም» ብሎ የሚምል ደንበኛ ሞልቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት አባቶቻችን ይህንንም ያውቁ ነበር።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እስኪያበቃ ድረስ በነበረው ጦርነት፣ በትግራይ ባንክ፣ ስልክና መብራት ለብዙ ጊዜ ተቋርጠው፣ መለዋወጫ የሚመጣበትም መንገድ ተዘግቶ ነበር። በዚያን ጊዜ «ይለወጥ» የሚለው ቃል ትርጉም አልነበረውም፤ ያለው አማራጭ ከፍቶ ማየት፣ መጥረግ፣ ከሞተው መሣሪያ ነቅሎ ላልሞተው መስጠት ነበር። እንዲህ ያለው ችግር ለማንም አይመኙትም። ነገር ግን የሚለወጥ ዕቃ በጠፋበት ዘመን የዋጋውን ሚዛን የያዘው ዕቃ ሳይሆን ዕውቀት ነበር፤ ዕቃው ሲመለስ የቀድሞው ፈተና አብሮት ተመለሰ።

በፈረንሳይ አገር ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላፕቶፕ ሲሸጥ ለጥገና ያለው አመቺነት ከ10 ነጥብ ተለክቶ እንዲገለጽ በሕግ ታዟል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ስለ ጥገና መብት መመሪያ አውጥቷል። ሕጉ ሠሪውን ያስገድዳል። በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ የሚነገረውን ቃል ግን ሊጽፍለት አይችልም፤ ያም ቃል ሁልጊዜ ርካሹ አይደለም። ባትሪው አብጦ ሳለ ደንበኛው «ቁልፏን ብቻ አስተካክልልኝ» ቢለው፣ እሺ ብሎ በጥቂት ብር የሚሸኘው ባለሙያ ያለ ምክንያት ሰሌዳ ከሚለውጠው ይልቅ የበደለው ይመስለኛል።

እንግዲህ መሥሪያ ቤቶቻችን የጥገና ውል ሲዋዋሉ የምርመራውን ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ለይተው ቢጽፉ፣ «የሚለወጥ አልተገኘም» የሚል የተፈረመ ወረቀትም እንደ ተፈጸመ ሥራ ተቆጥሮ ቢከፈልበት፣ ለሒሳብ ሹሙ የሚያስቸግር አይደለም። ዕቃ በሚለወጥበት ጊዜ ደግሞ አሮጌው ከምክንያቱ ጋር ለንብረት ክፍል ይመለስ።