«ድኗል» ስንል

ማለዳ፣ ጉሙ ከባሕር ዛፉ ሳይነሣ፣ እንጦጦ ማርያም ጸበል ላይ ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ጀሪካናቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከተሰላፊዎቹ ብዙዎቹ ኤችአይቪ ቫይረስ በደማቸው የተገኘባቸው ነበሩ። ከየካ እስከ ጉለሌ በተዘረጋው በዚህ ኮረብታ ላይ ክፍል ተከራይተው ወራት ይከርሙ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር ግን አንድ ጥያቄ አብሮ መጣ፦ ኪኒን የሚውጥ ጸበልተኛ እምነቱ ጎድሏል ማለት ነው? ጥያቄው ዛሬም አልበረደም። በእኔ እምነት ያቆየው «መዳን» የሚለውን ቃል እያምታታን መጠቀማችን ነው።

ቫይረሱ ሲዲ ፎር የሚባሉት የደም ሴሎች ውስጥ ገብቶ የራሱን መልእክት ወደ ዲኤንኤ ይገለብጥና ከሰውየው ዘረመል ጋር ያጣብቀዋል። በዚያ ዘመን የታደሉት ኪኒኖች ግልበጣውን ያግዳሉ፤ አንዴ የተጣበቀውን ግን አይነቅሉም። በተኙ ሴሎች ውስጥ ያደፈጠው ቫይረስ ኪኒኑ ሲቋረጥ ተመልሶ ይነሣል። ስለዚህ ቫይረሱ በምርመራ ባይታይ እንኳ ሐኪሙ «ድነሃል» አይልም። ኪኒኑን የጸበል ተቀናቃኝ የሚያደርግ ሰው ኪኒኑ ያላለውን ያናግረዋል። «ለሱባዔው ብቻ ላቁመው» ማለትም እምነትን አያጸናም። ቫይረሱ ሲገለበጥ ይሳሳታል፤ ከስሕተቶቹ መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋም ካለ መቆራረጡ ለእሱ ሜዳውን ይለቅለታል።

«በቃሬዛ መጥቶ በእግሩ ሲሄድ አይቻለሁ» የሚለውን ሰው ውሸታም አልለውም። ሆኖም ያልታከመ ኤችአይቪ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል፤ ተደራቢ በሽታዎችም ለቀቅ አድርገው ይመለሳሉ። በእግሩ የሄደው ይመሰክራል፣ የሞተው አይመሰክርም። የሕክምና ምርምር መድኃኒት የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር የሚያስተያየው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜም ማን ምን እንደወሰደ ሐኪሙ ራሱ እንዳያውቅ ይደረጋል። እዚህ የሚጠረጠረው የሰው ዓይን ነው፣ የሐኪሙም ጭምር፤ እግዚአብሔር አይደለም።

ከባዱ ተቃውሞ «ሁሉን ኪኒን ከሠራው ለእግዚአብሔር ምን ተረፈ?» የሚለው ነው። ይህ ለእምነት የተቆረቆረ ይመስላል፤ ግን ፈጣሪን እኛ ምክንያቱን ባላወቅንበት ጥግ ብቻ ያስቀምጠዋል፣ ምርምር አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥርም ጥጉ ይጠባል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንም መድኃኒትንም የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ይቆጥራል። የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ኪኒኑና ጸበሉ አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። በሌላ በኩል «ውኃ ውኃ ነው» ብሎ የሚያልፈው ሳይንስ ወዳድም ቸኩሏል። አከራይ ዕቃ በሚያስወጣበት፣ ዘመድ ብርጭቆ በሚለይበት ዘመን፣ ሰው በሽታውን ሳይሸሽግ ከሌላው ጎን የሚቆምበት ቦታ ጸበሉ ነበር። ይህ የቫይረሱን መጠን አይቀንስም፤ ፈውስ አይደለም ለማለት ግን እኔ አልደፍርም።

የሚቀረው የሰዓት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኪኒኖች በየ12 ሰዓቱ ይዋጡ ነበርና የጠዋቱ በባዶ ሆድ ከሚገባበት የጸበል ሰዓት ጋር ይጋጭ ነበር። ይህ ደግሞ የጾም ጥያቄ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ጾምን ለሕመምተኛ ማላላት ስትጀምር ኤችአይቪ ገና ስም አልነበረውም።