ኑድሉ ቢቸኩል ቁሌቱ አይቸኩል

ልጄ፣ ማታ ከሥራ ስትገባ ጫማህን ሳታወልቅ ውሃ ጥደህ፣ ያን የኮሪያ ኑድል ፓኬት በጥርስህ ቀደህ፣ ቅመሙንም ዘይቱንም ባንድ ላይ ገልብጠህ፣ ቆመህ ስትበላው አይቻለሁ። ምግቡን አልጠላሁብህም። እኔም ቀምሼ ወድጄዋለሁ፤ በርበሬ ለለመደ ምላስ የሚከብድ ነገር አይደለም። ያልወደድኩልህ አሠራርህን ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲባል ሰምተሃል። እንግዲያው ቁጭ በልና ስማኝ፦ ኑድሉ ይቸኩል፣ መቸኮል ሥራው ነው፤ ቁሌቱን ግን አታስቸኩልብኝ።

ኑድሉ ለምን ቶሎ እንደሚደርስ ታውቃለህ? ፋብሪካው ውስጥ አስቀድሞ በእንፋሎት በስሎ፣ ከዚያ በዘይት ተጠብሶ ስለመጣ ነው። ሲጠበስ በውስጡ የነበረው ውሃ ተንኖ ይወጣና ቀዳዳ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ አንተ ስትጥደው የፈላው ውሃ በእነዚያ ቀዳዳዎች ገብቶ በጥቂት ደቂቃ ያለሰልሰዋል። የኑድሉን ድካም ሌላ ሰው ደክሞልሃል ማለት ነው። የመረቁን ድካም ግን ማንም አልደከመልህም፤ እሱ ያንተ ዕዳ ነው።

ደግሞ ይህ ምግብ ለሰፈራችን ባዳ እንዳይመስልህ። ከእንጦጦ ግርጌ፣ እዚሁ የካ ውስጥ፣ ኮሪያ ሰፈር በከንቱ ኮሪያ ሰፈር አልተባለም። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት በጅቡቲ በኩል በመርከብ ተጭኖ ወደ ኮሪያ ጦርነት ሄደ፤ ፑሳን ወደብም ወረደ። እየተፈራረቁ የዘመቱት ከ6,000 ይበልጣሉ። ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወደቁ፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። ተዋግተው ብቻም አልተመለሱም፤ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን ሕፃናት ሰብስበው ዶንግዱቾን በተባለች ከተማ ማሳደጊያ አቁመውላቸዋል። በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ኮሪያ በሄዱ ጊዜ ቹንቾን ከተማ ላይ ለዘማቾቹ የቆመውን ሐውልት አይተዋል። በኋላ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ዘማቾቹ ተገፉ፤ ለኮሪያ መዝመት የሚያኮራ ሳይሆን የሚደበቅ ነገር ሆነ። ይህን የማነሳልህ ያን ዘመን ያሳለፉ ሰዎች ከዚህ ሰፈር ገና ስላልጠፉ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ኮሪያ የተራበች አገር ነበረች። ሴኡል ውስጥ ናምዴሙን በሚባለው ገበያ ሰው ከአሜሪካ ጦር ሰፈር ከወጣ ትራፊ የተቀቀለ ሾርባ ለመግዛት ይሰለፍ ነበር። ይህን አይቶ ልቡ የተነካ አንድ ነጋዴ ከጃፓን ማሽን አስመጣ፤ ሳምያንግ በተባለው ኩባንያውም በእኛ 1956 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገሩን የመጀመሪያ ፓኬት ኑድል ለገበያ አወጣ። ልጄ፣ አባቶችህ ደማቸውን ያፈሰሱበት ምድር ተርቦ የወለደው ምግብ ነው። በጥርስህ ቀደህ ቆመህ አትብላው።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። ሾላ ገበያ ስትወርድ ትኩስ የተፈጨ በርበሬ፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያዝ። ለአንድ ሰው ግማሽ ራስ ቀይ ሽንኩርት ይበቃል፤ አድቅቀህ ክተፈው። ድስቱን በለስላሳ እሳት ጣድና መጀመሪያ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላው። ውሃውን ሲጨርስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምር፤ ቀላ ሲል ሁለት ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት አስከትል። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ። በርበሬው ከገባ በኋላ ከምድጃው አትራቅ፤ ስልክህንም ወዲያ አስቀምጠው። ድስቱን ሊይዝ ሲል ጠብታ ውሃ ጣል አድርግበትና አማስለው፤ ሲመጥም እንደገና ጣል። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ ስታደርግ ቆይተህ ዘይቱ ቀይ ሆኖ ከዳር ዳር ሲለይ ታየዋለህ። ያን ጊዜ ደርሷል። ካልታየህ በአፍንጫህ እመን፤ ጥሬ በርበሬ ያስነጥሳል፣ የበሰለ በርበሬ ምራቅ ያስውጣል።

ይህችን አሥር ደቂቃ የነፈጋት ሰው ሌሊቱን ሆዱን ይዞ ሲገላበጥ ያድራል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይህ ነው።

ኮሪያዎች ጎቹጃንግ የሚሉት ቀይ ድልህ አላቸው። በርበሬ፣ የሚያጣብቅ ሩዝ፣ የቦካ አኩሪ አተርና ጨው ተዋህደው በሸክላ ማሰሮ ግቢ ውስጥ ለወራት ፀሐይ እየመታቸው ይቀመጣሉ። ባቄላና ሱፍ አቡክታ ስልጆ የምታስቀምጥ እናት ባለችበት ቤት ያደገ ልጅ ይህ ጥበብ አይጠፋውም። ሱፐርማርኬት ካገኘኸው አንድ የሻይ ማንኪያ ቁሌቱ ላይ ጨምር። ካላገኘኸው አትዘን፤ አዋዜ ጣል አድርግና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር አስከትልበት፤ ጎቹጃንግ ጣፈጥ ስለሚል ነው ማሩ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። የጓዳህ አዋዜ ጥሩ ከሆነ በውድ ከተገዛው ጠርሙስ የሚያንስ ነገር የለውም።

በርበሬም ቢሆን ለእነሱም ለእኛም መጤ ነው። ከአሜሪካ ምድር በመርከብ ተጭኖ በሩቅ ንግድ የደረሰን ነው፤ ከ600 ዓመት በፊት በርበሬን የሚያውቅ ኮሪያዊም ሐበሻም አልነበረም። ዛሬ ግን ያለ እሱ ማዕድ የማይዘረጋባቸው ሁለት ሕዝቦች ነን። ስለዚህ የእነሱን ምግብ በእኛ ቅመም ብትሠራ ማንንም አላስቀየምክም። እዚሁ ራስጌያችን እንጦጦ ላይ፣ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. ስትመረቅ፣ እቴጌ ጣይቱ ለቀናት የዘለቀ ግብር አብልተዋል፤ ከየአገሩ የመጣው ወጥና ቅመም ባንድ አዳራሽ ተገናኝቶ ነበር። የዚህ ተራራ ሰው የሌላውን ምግብ ወደ ራሱ ድስት ማስገባት ያኔም ያውቅበት ነበር።

ኑድሉን በሌላ ድስት ቀቅለው። ፓኬቱ ላይ «አራት ደቂቃ» ተብሎ ቢጻፍ የተጻፈው ለቆላ ሰው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ በ90 ገደማ። ውሃው ሲንተከተክ ስታይ የሞቀ ይመስልሃል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል። ስለዚህ አንድ ደቂቃ ጨምርለት፤ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ የምትኖር ከሆነ ከዚያም ትንሽ ልቀቀው። አንዷን ክር በሹካ አውጥተህ ንከሳት፤ መሐሏ ነጭ ካልሆነ አውርድ። የተቀቀለበትን ውሃ ሁሉንም አትድፋው፤ አንድ ስኒ አስቀር። ከኑድሉ የወጣው ስታርች ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ መረቁን የሚያወፍረውና ዘይቱን ከውሃው ጋር የሚያስታርቀው እሱ ነው።

አሁን መረቁን ማለዘብ ይቀራል። በጎድጓዳ ሳህን አንድ የእንቁላል አስኳልና አንድ የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ ምታ። ያስቀረኸውን ሙቅ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመርክ አዋህድ። ባንዴ ብትገለብጠው እንቁላሉ ይረጋና ፍርፍር ይሆንብሃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት እዚህ ሳህን ውስጥ እውነት ነው። ከዚያ ድስቱን ከእሳት አውርደህ ቁሌቱ ላይ ግማሽ ስኒ ወተት ጨምር፤ ኑድሉን አግባበት፤ በመጨረሻ የእንቁላሉን ውህድ አፍስስበትና ገልበጥ ገልበጥ አድርገው። ከእሳት አውርደህ ያልኩህን እንዳትረሳ፤ እሳት ላይ ሳለ ከጨመርከው ይቆራረጣል። ሎሚ ከወደድክም ልትበላ ስትል እንጂ አስቀድመህ አትጭመቅ። ለነፍሰ ጡር፣ ለታመመ ወይም ለሕፃን የምትሠራ ከሆነ ያልበሰለውን እንቁላል ጭራሽ ተወው፤ ማዮኔዝና ወተቱ ይበቃል።

ወተቱ ለማማር ብቻ አይደለም የሚገባው። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር በስብ ይሟሟል፣ በውሃ አይሟሟም። አፍህ ሲቃጠል ውሃ ብትጋት «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ነው። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ ግን ቃጠሎውን ይዘው ይወርዳሉ። ንጥር ቅቤ ከወደድክ የሻይ ማንኪያ ጫፍ ብቻ፤ ከዚያ ካለፈ ኮሰረቱና ኮረሪማው ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

የፓኬቱን ቅመም በተመለከተ አጥብቄ የምነግርህ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያልበለጠ ጨው ይመክራል፤ አንዳንዱ የኑድል ፓኬት ብቻውን ወደዚያ ይጠጋል። ከግማሽ በላይ አትጨምር። ቁሌቱን በደንብ ካበሰልክ አይጎድልብህም። ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ» ያሉት ሰዎች ልኩንም ያውቁ ነበር። «ጎመን በጤና» ነውና ከኑድሉ ጋር ጥቂት የተከተፈ ጎመንና ካሮት ቀቅልበት፤ ደም ብዛት የያዘው ዘመድ እንዳለህም አትርሳ።

የጾም ቀን ሲሆን ወተቱም እንቁላሉም ማዮኔዙም ይቀራል፤ ልስላሴው ግን አይቀርም። ሱፍ ቀቅለህ ፈጭተህ፣ በውሃ በጥብጠህ አጥልል፤ ያ ነጭ ጭማቂ ከወተት አይተናነስም። ጊዜ ካጠረህ አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ በኑድሉ ውሃ በጥብጠህ ቁሌቱ ላይ ጨምር፤ እኔ እንዲያውም ከፍስኩ ይልቅ ይህን እወዳለሁ። ብቻ የፓኬቱን ጽሑፍ አንብብ፤ የዶሮ ወይም የከብት ቅመም ካለበት የራስህ በርበሬና ጨው ይበቃሃል። ሙስሊም ጓደኛ የምትጋብዝ ከሆነም እንዲሁ አስቀድመህ አንብብለት።

ደግሞ አንድ ፓኬት ብቻ ሠርተህ በርህን ዘግተህ አትብላ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚባለውን እዚህ ሰፈር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ሁለት ፓኬት ቀቅልና አንዱን ከጎንህ ላሉት አባባ ወይም እማማ ውሰድ። ለእነሱ ስትሠራ ግን በርበሬውን ግማሽ አድርገው፣ የፓኬቱን ቅመም ጭራሽ አታግባ፣ ወተቱን አብዛ። ኑድሉን ከመቀቀልህ በፊት ሰባብረው፤ ጥርስ ለሌለው ሰው ረጅም ክር ያስቸግራል። ሹካም አትስጣቸው፣ ማንኪያ ይሻላቸዋል። ኑድል ከቆየ መረቁን ሁሉ ጠጥቶ ስለሚያብጥ፣ ትኩስ ሳለ አድርስላቸውና በልተው እስኪጨርሱ አብረሃቸው ተቀመጥ። ስለዘመቻው ካወሩህም አትቸኩል፤ አድምጣቸው።