የብላንክሮሼ ደረጃ

ኦማን፣ አል ሀይል ውስጥ፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሌትም ቀንም የማይጠፋበት ክፍል ያለው አንድ ቤት ነበር። (ምሳሌ ነው፤ ቤቱን አትፈልጉ።) ማዳም ሠራተኛዋን ስትቀበል ያስጠነቀቀቻት ሁለት ነገር ነው፦ የባባን ኩማ በጋለ ካውያ እንዳትነካ፣ የዚያን ክፍል ማቀዝቀዣ እንዳታጠፋ። የፊተኛው ወዲያው ገባት። ኩማ የኦማን ወንዶች የሚደፉት በእጅ የተጠለፈ ቆብ ነው፤ ጥልፉን የሚያውቅ ሰው ካውያ አያስጠጋበትም። ሰው የማያድርበት ክፍል ለምን እንደሚቀዘቅዝ የገባት ግን ዘግይቶ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሃርፕሲኮርድ አለ። ለዐይን ቀጠን ያለ ፒያኖ ይመስላል። የባሕሩ ወበቅ ከገባበት እንጨቱ ያብጥና ቅኝቱ ይበላሻል፤ በበጋው እንኳን ለእንጨት ለሰውም የማይመች ወበቅ ነው።

ባባ ዕቃውን የገዛው አገሩ ሊገባ ከተነሣ አንድ የውጭ አገር ሙዚቀኛ ነው፤ ለልጁ። ልጅቷ 12 ዓመቷ ነው፤ ከዚያ በፊት ፒያኖ ተምራለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ኡስታዝ ይመጡላታል፤ ከአውሮፓ የመጡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጣታቸው ግን ያላረጀ ሰው።

የፒያኖው ልማድ ልጅቷን አልለቀቃትም። አንዱን ድምፅ ከሌላው ማጉላት ስትፈልግ ቁልፉን ትደቁሰዋለች። ሃርፕሲኮርድ ይህን አይሰማም። ቁልፉ ሲጫን ከኋላው አንዲት ቀጭን የእንጨት ዘንግ ትነሣለች፤ በዘንጓ ጎን የተሰካች ሹል፣ ድሮ ከቁራ ላባ፣ ዛሬ በአብዛኛው ከፕላስቲክ የምትቀረጽ፣ አውታሩን ቆንጥራ ታልፋለች። በቀስታም ተጫን በጉልበት፣ ቁንጠራው ያው ነው። በጉልበት የመታ ሰው የሚያተርፈው የእንጨት ኳኳታ ነው።

«ጉልበቱ ጣትሽ ላይ የለም» ይሏታል ኡስታዝ።

«ታዲያ የት ነው?» ስትላቸው ራሳቸው ተቀምጠው ይጫወቱላታል። እሳቸው ሲጫወቱ ይገባታል፤ እሷ ስትቀመጥ ይጠፋባታል።

አንድ ማክሰኞ አዲስ ቁራጭ ይዘውላት መጡ። ዝግ ያለ፣ የሐዘን ነው። መጨረሻው ላይ ከላይ ተነሥቶ አንድ በአንድ እስከ ታች የሚወርድ የድምፅ መስመር አለ፤ ማንም ጀማሪ ከሰዓት አጥንቶ ማታ የሚጫወተው ዓይነት። ልጅቷም አጠናችው። እኩል በእኩል፣ እንደሚቆጠር ሳንቲም፣ ቀኑን ሙሉ ስታወርደው ዋለች። ሠራተኛዋ ከግድግዳው ወዲህ የባባን ዲሽዳሻ ትተኩሳለች። ነጭ ዲሽዳሻ አስቸጋሪ ነው፤ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ክር በጣት ይዘው ዙሪያዋን ካልተኮሱ ጨርቁ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ ትቀረቀራለች፣ ትሰማለችም።

ሐሙስ ካውያውን አቁማ በሩን ገፋ አደረገች።

«የሞተው ማን ነው?» አለች በተሰባበረ ዐረብኛዋ።

ልጅቷ ደነገጠች። «ሰው መሞቱን ማን ነገረሽ?»

«ዜማው። ላንቺ ግን ያልተነገረሽ ትመስያለሽ።»

ተነግሯታል። ብላንክሮሼ የሚባል የፓሪስ ሙዚቀኛ ከደረጃ ወድቆ ሞተ፤ የሚያውቀው ሰው በዚህ ዜማ አለቀሰለት፤ መጨረሻው ላይ የሚወርደው መስመር ደረጃው ነው። ኡስታዝ ይህን ካወሩላት በኋላ ግን ወደ ጣት አጣጣል ተሻገሩ፤ የቀራትም የጣቱ ትምህርት ነው።

የሠራተኛዋ ሴት አያት ጎጃም ውስጥ አልቃሽ ነበሩ፤ ለቅሶ ሲደርስ ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር የሚጠሩ። ሲጮኹ ሰምታቸው አታውቅም። የሚጮኸው ሌላው ነው። እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሟቹን በሬ፣ የሟቹን ደጅ፣ ለማን ምን እንዳደረገ እየጠሩ ይመጡና ስሙ ጋ ሲደርሱ ይይዙታል። ሕዝቡ ስሙን ያውቀዋል። ሊጠራ እንደሆነም ያውቃል። አይጠራም። በኋላ ሲጠራ የአሮጊቷ ድምፅ ከቅድሙ ከፍ አላለም፤ ድንኳኑ ግን በአንድ አፍ ይነቃነቃል።

ይህን ባላት ዐረብኛ፣ የጎደለውን በእጇ እየሞላች ነገረቻት። ልጅቷ ተመልሳ ተቀመጠች። መስመሩን እንደ ወትሮዋ አወረደችና የመጨረሻው ቁልፍ ጋ ስትደርስ ጣቷን አየር ላይ አቆየች። ማቀዝቀዣው ብቻ ይሰማል። ከዚያ ነካችው። ከፊተኞቹ አልጎላም፤ ሊጎላም አይችልም። ሁለቱም ግን ጎልቶ ሰሙት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቆንጆ ነበር፤ ልጅ ግን ልጅ ናት። በማግሥቱ በየቁልፉ ላይ ታቆይ ጀመር። ከላይ እስከ ታች እየቆመች፣ እየተነፈሰች፣ አንገቷን እየሰበረች ትወርዳለች። ማዳም በበሩ ስታልፍ ሰምታ «ስሜት ማለት ይኼ ነው» አለች። ሠራተኛዋ ማዳም እስክትርቅ ጠበቀችና፣

«በየደረጃው ላይ ካረፈማ ወረደ እንጂ መች ወደቀ?» አለቻት።

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ተናደደች። ከዚያ እንደገና ጀመረች። አሁን የላይኞቹ ሁለት ሦስት ድምፆች ያመነታሉ፣ እግሩ ገና ይዟል፤ መሃል ላይ የሚይዘው የለም፣ ጣቶቿ ተከታትለው ይፈሳሉ፤ የታችኛው ጋ ሲደርስ ነገሩ አልቋል፣ የምታቆየውም የሚቸኩልበት ስለሌለ ነው።

ማክሰኞ ኡስታዝ ሰምተው ዝም አሉ። ከኪሳቸው እርሳስ አወጡና እንዳይጠፋ ብለው ያመነታችበትን፣ የቸኮለችበትን፣ የቆየችበትን ሁሉ ኖታው ላይ ምልክት አደረጉበት። በሳምንቱ ልጅቷ አንድም ምልክት ሳትስት ተጫወተችው። በቆመችበት ቆማለች፣ በሮጠችበት ሮጣለች። ሲያልቅ እዚያ ክፍል ውስጥ የሞተ ሰው አልነበረም።

ኡስታዝ ዘወር ሲሉ በሩ ላይ ዲሽዳሻ በክንዷ ይዛ የቆመችውን ሴት አዩ።

«ምን ጎደለው?» አሏት።

«ባለፈው የተለቀሰ ነው» አለች። «አያቴ ለአንዱ ሟች ያወጡትን ግጥም ለሌላው አይደግሙትም ነበር። ሰው ያውቅባቸዋል።»

ኡስታዝ ላጲስ እንዲያመጡላቸው ጠየቁ።

ምሳሌው ይኸው ነው። ብላንክሮሼ ግን በእውነት የነበረ ሰው ነው። የፓሪስ ሉት ደርዳሪ ነበር፤ ሉት የዐረቦቹ ዑድ አውሮፓ ገብቶ የወለደው መሣሪያ ነው። በኖቬምበር 1652 ከደረጃ ወድቆ ሞተ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የሐዘኑን ቁራጭ የጻፈው በ1616 ሽቱትጋርት የተወለደው፣ በቪየና የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ዮሐን ያኮብ ፍሮበርገር ነው። መጨረሻው እውነትም ወደ ታች በሚወርድ መስመር ያልቃል። በ1654 ለሞተው ለአራተኛው ፈርዲናንድ ባወጣው ሙሾ ደግሞ መስመሩ በተቃራኒው ወደ ላይ ይወጣል፤ የልዑሉ ነፍስ ወደ ሰማይ ነውና የምትሄደው። ጣት ለሚቆጥር ሰው ሁለቱም ተራ የድምፅ መሰላል ናቸው፣ አንዱ መውጫ አንዱ መውረጃ። ማን እንደሞተ ላልጠየቀ ተጫዋች ከዚያ የሚያልፍ ልዩነት የላቸውም።

ፍሮበርገር ለብላንክሮሼ ባወጣው ቁራጭ ላይ ያኖረው መመሪያ በጣም ዝግ ተብሎ፣ በተጫዋቹ ማስተዋል፣ ምንም ምት ሳይጠበቅ ይጫወቱት የሚል ነው። በዚህ ፈቃድ ብዙ ተጫዋች ተሰናክሏል፤ ያልተሰናከለበትን መስማት ነው ብርቁ። ምት አትጠብቅ የተባለ ሁሉ በየድምፁ ላይ ይጓተታል፣ ያንንም ስሜት ይለዋል። (የእኛም ድምፃውያን ከዚህ አያመልጡም፤ ትዝታን በየፊደሉ ላይ እያርገበገበ የሚዘፍን ሰው ትዝ ያለው ምን እንደሆነ አይታወቅም።)

ፈረንሳዊው ፍራንሷ ኩፕረን ችግሩን ከማንም በግልጽ አስቀምጦታል። በ1713 ባሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ መግቢያ ላይ ሃርፕሲኮርድ በስፋቱ የተሟላ፣ በራሱም ብሩህ መሆኑን መስክሮ፣ ድምፁን ማሳደግም ማሳነስም ስለማይቻል ይህን መሣሪያ ስሜት እንዲናገር ለሚያደርጉት ሰዎች ዘላለም ባለውለታ ነኝ ይላል። ራሱም ሞከረው። በ1716 ባወጣው የአጨዋወት መጽሐፉ ሁለት ብልሃቶችን ያስተምራል፤ አንዱ ድምፁን ከጊዜው ቀድሞ መቁረጥ ነው፣ ሌላው ጥቂት ዝምታ አስቀድሞ ድምፁን ዘግይቶ ማምጣት። የቀስት መሣሪያ ድምፁን በሚያሳድግበት ቦታ ሃርፕሲኮርድ በተቃራኒው መንገድ፣ በዝምታ፣ ለጆሮ ያንኑ ይሰጣል ባይ ነው። የጎጃሟ አሮጊት ኩፕረንን ባያውቁትም ነገሩን ያውቁታል። በዚያው መጽሐፍ ደግሞ እኛ ፈረንሳዮች የምንጽፈው ከምንጫወተው ይለያል፤ የውጭ ሰዎች ሙዚቃችንን እኛ የእነሱን ከምንጫወተው አሳንሰው የሚጫወቱት ለዚህ ነው ሲል በራሱ አገር አጻጻፍ ላይ ይመሰክራል።

የማይጻፈውን ነገር ታዲያ ለተከታዩ እንዴት ያስተላልፉታል? ፍሮበርገር በ1667 ኤሪኩር ውስጥ ሲሞት ያስጠጋችው ተማሪው የነበረችው የቩርተምበርጓ ልዕልት ሲቢላ ናት። በዚያው ዓመት ለሆላንዳዊው ኮንስታንታይን ሃይገንስ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ከራሱ ከመምህሩ ያልተማራቸው ሰው ቁራጮቹን በተገቢው ማስተዋል ሊጫወታቸው አይችልም ብላለች። ኖታዎቹንም ለሰው ማሳለፍ አትወድም ነበር። ይህን ለንፉግነት መስጠት ይቀላል፤ እኔ ግን አልፈርድባትም። የሰማችውን ሰው ጣት የሚያህል ነገር ወረቀቱ ላይ አላገኘችማ።

የእኛ የዜማ ሊቃውንት ያው ችግር ገጥሟቸው በሌላ መንገድ ሄዱ። በ16ኛው ምእት ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት ሠሩለት ተብሎ ይታመናል፦ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። በዚያ ላይ ሥረዩ አለ፤ ከሌላ የታወቀ ዜማ የተቆረጡ ፊደሎች ከቃሉ በላይ ይጻፋሉ፣ ያንን ዜማ አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ፊደሉን አይቶ የሚያገኘው ነገር የለም። ይዘት ያዝ ይላል፤ ምን ያህል እንደሚያዝ አይልም። የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓን፣ ከማንም አልደበቁትም። ነገር ግን ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ደቡብ ጎንደር ቤተልሔም ድረስ ወርዶ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ያጠናውን መጽሐፍ ይዞ፣ ዓመት ቆጥሮ፣ በየመስመሩ እየታረመ።

ከመምህር ወደ ተማሪ የሚወርደው የሃርፕሲኮርዱ ሰንሰለት ግን ተበጥሷል። 19ኛው ምእት ዓመት ፒያኖን አንግሦ መሣሪያውን ከነአጨዋወቱ ጥሎታል። ዋንዳ ላንዶውስካ በ20ኛው መጀመሪያ ወደ መድረክ ስትመልሰው ፍሮበርገርን ከሰማ ሰው የሰማ የሚባል አልቀረም። ከእሷ በኋላ የመጣው ጉስታቭ ሌዮንሃርት (1928–2012) አንድን ድምፅ በጊዜ ብቻ ማጉላትን ለአንድ ትውልድ ሲያስተምር መነሻው ወረቀት፣ አሮጌ መሣሪያና የራሱ ጆሮ ነበር። እንደ ሃርፕሲኮርዱ መጮኽ የማይሆንለት በገናም ከዚህ ዕጣ ለጥቂት ነው ያመለጠው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ከሬዲዮ ጠፋ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ትምህርቱ ተቋረጠ። ደርግ በ1991 ሲወድቅ ግን በ1950 እንጦጦ የተወለዱት፣ በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩት ዓለሙ አጋ ገና በሕይወት ነበሩ። መማር የፈለገ ሰው ከጎናቸው ተቀምጦ፣ በአውታሩ ሥር ያለው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራው፣ ሲያንጎራጉር እየሰማ፣ የት ላይ እንደሚዘገዩ ጣታቸውን ማየት ይችል ነበር።