ከኋላ የሚፈስ አሸዋ

በንስሐ አባትነት የሚያገለግሉ ካህናት ዘወትር የሚሰሙት አንድ ቃል አለ። ይኸውም፦ «አባቴ፥ በድያለሁ፤ ነገር ግን ማንንም አልጎዳሁም» የሚል ነው። ተናዛዡ ይህን ሲናገር ብዙ ጊዜ አይዋሽም፤ ያየውን ያህል ይናገራል። ያላየውን ግን እንዴት አድርጎ ይናዘዘዋል? ይህን ነገር ስናስብ፥ በአሜሪካ አገር ባንክ በመዝረፍ ስሙ የገነነው የዊሊ ሰተን ታሪክ ለትምህርት የሚሆን ሆኖ ስላገኘነው ለክቡራን አንባብያን ልናቀርበው ወደድን። የዘመኑ አቈጣጠር በታሪኩ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።

ሰተን ጁን 30 ቀን 1901 በኒው ዮርክ ከተማ፥ በብሩክሊን፥ ከአየርላንድ ወገን ከሆነ ቤተ ሰብ ተወለደ። ከሌሎች ወንበዴዎች የሚለየው በጉልበቱ ሳይሆን በማስመሰል ጥበቡ ነበር። አንድ ጊዜ ቴሌግራም አድራሽ፥ አንድ ጊዜ ፖስተኛ፥ አንድ ጊዜም ፖሊስ መስሎ የየሙያውን ልብስ ለብሶ ይመጣል። ባንኩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት በማለዳ ዘበኛውን አታልሎ ይገባና፥ ሠራተኞቹን እንደ አመጣጣቸው አንድ በአንድ እያስቀመጠ፥ የገንዘቡ ግምጃ ቤት እስኪከፈት ይጠብቃል። ስለዚህም «ተዋናዩ ዊሊ» ተባለ። በዕድሜው የዘረፈው ገንዘብ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ከጎልማሳነት ዕድሜው ግን የሚበልጠውን ክፍል ያሳለፈው በወህኒ ቤት ነው።

ወህኒ ቤቱም ቢሆን ይዞ አላስቀረውም። በ1932 ሲንግ ሲንግ ከሚባለው የኒው ዮርክ ወህኒ ቤት ሁለት መሰላል አጋጥሞ ግንቡን ተሻግሮ አመለጠ። እንደ ገና ተይዞ በፊላዴልፊያ ታሰረ፤ በዚያም አፕሪል 3 ቀን 1945 ከዐሥራ አንድ እስረኞች ጋር ከመሬት በታች በተቈፈረ መተላለፊያ ወጣ። ያን ጊዜ ግን ነጻነቱ ከጥቂት ደቂቃ አላለፈም። ከዚህ በኋላ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ሆምስበርግ ወደሚባል ወህኒ ቤት ተዛወረ። ፌብርዋሪ 10 ቀን 1947 በሌሊት፥ እርሱና ጓደኞቹ የዘበኛ ልብስ ለብሰው፥ መሰላል ተሸክመው ግቢውን ሲያቋርጡ የግንቡ መብራት አረፈባቸው። ሰተን ምንም የለም፥ ደኅና ነው ብሎ ቢጮኽ አንድ ስንኳ ያስቆማቸው አልተገኘም።

ይህ ሲነገር ሰሚው ሁሉ ይስቃል። የሌባ ብልሃት ሰውን ደስ የሚያሰኘው ምናልባት የተዘረፈው የባንክ ገንዘብ ሲሆን የሚያለቅስ ሰው ፊት ለፊት ስለማይታይ ይሆናል። ነገር ግን እንጠይቅ፤ ይህ ሰው ግንቡን ተሻግሮ ወዴት ሄደ? ከሆምስበርግ ካመለጠ በኋላ ስሙን ለውጦ፥ ስታተን አይላንድ በምትባል ደሴት በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በተላላኪነት ጥቂት ዘመን ሠርቶ ነበር። በዚያ በጸጥታ ሊኖር፥ በሽማግሌዎቹም ምርቃት ዕድሜውን ሊጨርስ በቻለ ነበር። እርሱ ግን ወደ ባንክ ተመለሰ። ማርች 9 ቀን 1950 በኒው ዮርክ፥ ሰኒሳይድ በሚባለው ሰፈር፥ ከአንድ ባንክ ከ63 ሺህ ዶላር በላይ ተዘረፈ፤ በዚህም ወንጀል ኋላ ተፈረደበት። ባንክ የሚዘርፈው ለምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ገንዘቡ ያለው እዚያ ስለ ሆነ ነው ብሎ መለሰ እየተባለ በዓለም ሁሉ ይነገርለታል። እርሱ ግን በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ቃል ጋዜጠኛ የፈጠረው ነው እንጂ እኔ አልተናገርሁትም ብሏል፤ ለመዝረፍ የሚያነሣሣውም ከገንዘቡ ይልቅ በሥራው ያገኘው የነበረው ደስታ መሆኑን ገልጿል። ጌታችን መዝገብ ባለበት ልብ በዚያ እንደሚሆን አስተምሯል (ማቴ. 6፥21)። የዚህ ሰው መዝገብ እንግዲህ ብር እንኳ አልነበረም፤ ኀጢአቱ ራሱ ነበረ። ዳኛ ሳይፈርድበት በፊት በዚህ ታስሮ ነበር፤ መሰላልም ከዚህ አያወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ማርች 20 ቀን 1950 የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ሰተንን አጥብቆ ከሚፈልጋቸው ወንጀለኞች ስም ዝርዝር ውስጥ ጨመረው። ውድ ልብስ መልበስ ስለሚወድ ፎቶግራፉ ለልብስ ሰፊዎች ጭምር ታደለ። ፌብርዋሪ 18 ቀን 1952 የልብስ ሰፊ ልጅ የሆነ የ24 ዓመት ወጣት በምድር ውስጥ ባቡር ሲሄድ አየውና ዐወቀው፤ ተከትሎም ለፖሊስ አመለከተ። ሰተን ተያዘ። የወጣቱም ስምና መልክ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ወጣ። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን፥ ማርች 8፥ በሌሊት በቤቱ አጠገብ በጥይት ተገደለ።

በዚህ ግድያ ሰተን እጁ አልነበረበትም። በ1963 ጆሴፍ ቫላኪ የተባለ የማፊያ ሰው እንደ መሰከረው፥ ግድያውን ያዘዘው አልበርት አናስታዝያ የሚባለው የወንበዴዎች አለቃ ነው፤ ምክንያቱም ወጣቱን በቴሌቪዥን አይቶ፥ ጠቋሚን የሚጠላ ስለ ሆነ ብቻ ነው። በነገሩ የተፈረደበት ሰው የለም። የሟቹ ቤተ ሰብ ከተማውን ቢከስ፥ በ1958 የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወንጀለኛን በማስያዝ ፖሊስን የረዳ ሰው በዚህ ምክንያት አደጋ ቢያሠጋው ፖሊስ ሊጠብቀው ይገባል የሚል ፍርድ ሰጠ። ይህ ፍርድ መልካም ነው፤ ልጁን ግን አልመለሰውም።

እንግዲህ ሰተን በዝርፊያው ሰው አልገደለም። ማንንም አልጎዳሁም ቢል በዓለም ሕግ የሚያስተባብለው አይገኝም። ኢትዮጵያዊው አባታችን ሙሴ ጸሊም ግን በዚህ ሚዛን አልተመዘነም። እርሱም አስቀድሞ የወንበዴዎች አለቃ ነበረ፤ ኋላ በገዳመ አስቄጥስ መነኰሰ፤ መታሰቢያውም ሰኔ 24 ቀን ይከበራል። አንድ መነኵሴ በድሎ በጉባኤ ሊፈረድበት አባቶች ሙሴን ቢያስጠሩት፥ የተቀደደ ዘንቢል አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምንድር ነው ቢሉት፥ ኀጢአቴ በስተኋላዬ ይፈስሳል፥ እኔም አላየውም፤ በሌላው ላይ ልፈርድ ግን መጣሁ የሚል ነገር መለሰላቸው። አባቶችም ይህን ሰምተው ለወንድማቸው ማሩት። ሙሴ በዘመነ ውንብድናው ያደረገውን አንድ በአንድ ሳያስብ የቀረ አይመስለንም፤ ያስፈራው ከዚያ ወዲያ የፈሰሰው ነው። ሰይፉን ፈርቶ አገር ጥሎ የተሰደደው ገበሬ፥ በዚያም ስደት በረኃብ የሞተው ሕፃን በማን መዝገብ ይጻፋል?

ሰተን 30 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት አቲካ በሚባለው ወህኒ ቤት ታሰረ፤ በሕመሙ ምክንያት ዲሴምበር 24 ቀን 1969 ተለቀቀ። በ1970 በኮኔክቲከት የሚገኝ አንድ ባንክ ዋጋ ከፍሎ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ አሠራው። ዓለም እንዲህ ናት፤ ዘራፊውን ስታስረው ኖራ ኋላ ደግሞ ትቀጥረዋለች። ኖቬምበር 2 ቀን 1980 በ79 ዓመቱ በፍሎሪዳ ሞተ። በመጨረሻው ሰዓት በልቡ የነበረውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ፈያታዊ ዘየማንም በዚያች ሰዓት ድኗልና፥ በእርሱ ላይ ልንፈርድ አንደፍርም። ፈያታዊው ግን ተስፋ ከመቀበሉ በፊት ቅጣቱ የሚገባው መሆኑን በአፉ መስክሯል (ሉቃ. 23፥41)።

ዘኬዎስ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ማለቱ (ሉቃ. 19፥8) የሚመለስ ነገር ስለ ነበረው ነው። የማይመለስ ሲሆንስ? ገንዘብ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ካልተገኘ ለድኾች ይሰጣል። የሰው ሕይወት፥ የተሰበረ ትዳር፥ በሐሜት የጠፋ ስም ግን በአራት እጥፍም አይመለስም። ስለዚህ ካህኑ ማንንም አልጎዳሁም የሚለውን ተናዛዥ ቶሎ ከማሰናበት ይልቅ፥ በእርጋታ፥ «ልጄ፥ ከአንተ በኋላ በዚያ ቤት ምን ሆነ? ማን ከሥራው ተባረረ? ማንስ በአንተ ፈንታ ተጠረጠረ?» ብሎ ቢጠይቀው ይገባል። ሰውዬው አላውቅም ቢል፥ ሄዶ እንዲያጣራ አንድ ሳምንት ይስጠው፤ ያገኘውንም ይዞ ሲመለስ ጾሙንና ስግደቱን እንደ አቅሙ ይቀንንለት፤ የተጎዳው ሰው በሕይወት ቢኖር ይቅርታ እንዲጠይቀው፥ ሞቶ ቢሆን በስሙ ምጽዋት እንዲሰጥና በጸሎት እንዲያስበው ይዘዘው።