ድኻ የጎደለው ምንድን ነው?



ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚያመራውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው፥ ገሳይን ሲያልፍ የደጋውን ኑሮ በግልጥ ያያል። ገብስና ድንች የሚበቅልበት፥ ብርዱ የሚጠነክርበት፥ የእርሻው መሬት በየትውልዱ እየተከፋፈለ የጠበበበት አገር ነው። በዚህ አገር ሰው ብቻውን ሊኖር አይችልም። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ይህንም መቀናጆ ይሉታል። አጨዳና ውቂያ ሲደርስ በወንፈልና በደቦ ይረዳዳሉ። ሰው ሲሞት ዕድር ይቀብራል፤ ማኅበርተኞችም በየወሩ በየተራ ይደግሳሉ።

ይህን መረዳዳት በስብከታችን ብዙ ጊዜ አመስግነናል፤ ምስጋናም ይገባዋል። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ እናንሣ፤ ከዚህ መረዳዳት ውጭ የሚቀረው ማን ነው?

ባሏ የሞተባትን የልጆች እናት እናስብ። በሬ ከሌላት የሚቀናጃት አይገኝም። ወንፈል የጉልበት ብድር ስለ ሆነ፥ ብድሩን የሚመልስ ጎልማሳ ከቤቷ ከጠፋ ወንፈል ልትገባ አትችልም። ደቦ ለመጥራትም እንጀራና ጠላ ያሻል። ስለዚህ መሬቷን በእኩል ታሳርሳለች፤ የምርቱም ግማሽ ከእጇ ይወጣል። የዕድሩን መዋጮ መክፈል ካቃታት ደግሞ ከአባልነት ትወጣለች። ይህ ሁሉ የሚደርስባት በጎረቤቶቿ ክፋት አይደለም፤ ሥርዐቱ ራሱ በመቀበልና በመመለስ ላይ የቆመ ስለ ሆነ ነው።

ፈረንሳዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ ባወጣው ድርሰት የብዙ ሕዝቦችን ልማድ መርምሮ፥ ሰዎችን የሚያስተሳስሩ ሦስት ግዴታዎች እንዳሉ አስረድቷል፤ እነርሱም መስጠት፥ መቀበልና መመለስ ናቸው። መመለስ ያልቻለ ሰው በሰጪው ፊት ዝቅ ይላል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ዚመልም እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ኅብረተሰብ አንድን ሰው «ድኻ» ከሚለው ክፍል የሚያስገባው ርዳታ ተቀባይ ሆኖ ሲቈጠር መሆኑን ገልጧል። ምጽዋት ለሰጪው ነፍስ ጥቅም ብቻ ሲታሰብ ተቀባዩ ራሱ ከዐይን እንደሚሰወርም አመልክቷል። ይህ ነገር ለእኛ ለካህናት የሚከብድ ነው።

ለምን እንደሚከብደን እንናገር። ከዓመታት በፊት በምናገለግልበት ቁምስና ለችግረኞች ቤተ ሰቦች ስንዴ ስናድል፥ ከቅዳሴ በኋላ ስማቸውን በሕዝብ ፊት እንጠራ ነበር። ይህን ያደረግነው ሥራው ግልጥ እንዲሆንና ሐሜት እንዳይነሣ አስበን ነው። አንዲት እናት በሁለተኛው ወር ልጇን ላከች፤ በሦስተኛው ወር ልጁም ቀረ። ወደ ቤቷ ሄደን ስንጠይቃት ስንዴው እንደሚያስፈልጋት አልካደችም። ነገር ግን ስሟ ከተጠራ ወዲህ ቡና የሚጠራት ጎረቤት እንደ ሌለ፥ እርሷም ሰው ለመጥራት እንዳፈረች ነገረችን። እህል ሰጥተን ጎረቤቶቿን ወስደንባት ነበር።

ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል እ.ኤ.አ. በ1617 በፈረንሳይ አገር በሻቲዮን ቆሞስ ሳለ፥ ስለ አንድ የታመመ ቤተ ሰብ ለምእመናኑ ተናገረ። እነርሱም በዚያው ቀን ብዙ ምግብ ተሸክመው ጎረፉ። ቅዱሱ ፍቅራቸውን ቢያደንቅም ሥርዐት እንደ ጎደለው አስተዋለ፤ የተትረፈረፈው ምግብ ይበላሻል፥ ቤተ ሰቡም ተመልሶ ይራባልና። ስለዚህ ሴቶቹን በተራ የሚያገለግሉ የፍቅር ማኅበር አድርጎ አደራጃቸው፤ ደንብም ጻፈላቸው። ብፁዕ ፍሬደሪክ ኦዛናምና ጓደኞቹም እ.ኤ.አ. በ1833 በፓሪስ ማኅበራቸውን ሲያቋቁሙ፥ ድኻውን በቤቱ መጎብኘትን የሥራቸው መሠረት አደረጉ።

በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር፥ ላይ ጋይንትን በመሰሉ ወረዳዎች፥ መሥራት የሚችለውን በእርከንና በመሳሰለው የጋራ ሥራ አሰማርቷል፤ አቅም የሌለውን አረጋዊ ደግሞ ያለ ሥራ ደግፏል። ተረጂዎችን በመለየቱ ሥራ የመንደሩ ሰዎች እንዲሳተፉ መደረጉ መልካም ነው፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ጎተራ ያውቃልና። ዳሩ ግን ጎረቤት ዝምድናንና ቂምንም ያውቃል። ስለዚህ ከደንቡ ጋር ኅሊና ያስፈልጋል።

ምናልባት አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ይጠይቀን ይሆናል፤ ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ብድር ሊመልሱ የማይችሉትን እንድንጋብዝ አዝዞ የለምን? ታዲያ ድኻው ይመልስ ዘንድ ማሰብ ስለ ምን? ትእዛዙ የተሰጠው ለጋባዡ ነው። መልስ መጠበቅ የተከለከለው እርሱ ነው። የተጋበዘው ድኻ ግን ከደጅ ቆሞ ፍርፋሪ አይቀበልም፤ ገብቶ ከማዕድ ይቀመጣል። እንግዲህ ሰጪው መልስ አይጠብቅ፤ ተቀባዩ ግን እርሱም በተራው የሚሰጥበት ቦታ ይኑረው።

በእኛ ቁምስና ስም መጥራቱ ቀረ። ያች እናት ያቋረጠችው የዕድር መዋጮ በስውር ተከፈለላት። በተከታዩ ክረምት እህሉ በማታ ወደ ቤቷ ተላከ፤ እርሷም ጋግራ፥ ጠላ ጠምቃ፥ ደቦውን በራሷ ስም ጠራች። ወጣቶቹ ማሳዋን አርሰው ሲመለሱ ያስተናገደቻቸው እርሷው ነበረች። ድንቹ ሲደርስ አንድ ቁና ሞልታ አምጥታ፥ ከእርሷ ለባሰ ሰው እንድናደርስላት ለመነችን። ለልጆችሽ ይሁን ብለን ልንመልስላት ቃል ከአፋችን ሊወጣ ሲል ፊቷን አየንና ተውነው። ተቀብለን አመሰገንናት፤ ለተባለውም ቤት አደረስን።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ በየመንደራችሁ የሚበላ ያጣውን ስትፈልጉ፥ ከዕድር የወጣውን፥ ደቦ መጥራት የተሳነውን፥ ቡና የማይጠራውንም አብራችሁ ፈልጉ። ስንዴ ይዛችሁ የሄዳችሁበት ቤት ቆሎ ቢያቀርብላችሁም ተቀምጣችሁ ቅመሱለት።