የሻንቶው ኮራል

ሻንቶ ከባሕር ሩቅ ናት። የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ከተማ፤ ዙሪያዋ እንሰት፣ ቡና፣ ቀይ አፈር። እዚያ አንድ ሽማግሌ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ በጥልፍ ጨርቅ ላይ የአጋዘን ቀንድ የመሰለ ነጭ ነገር ተቀምጦ አየሁ። ኮራል ነው።

ሽማግሌው በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። አንድ እሑድ ከጓደኞቻቸው ጋር በጀልባ ወደ ሼኽ ሰይድ ደሴት ተሻገሩ። አረንጓዴ ደሴትም ይሏታል። የማንግሮቭ ዛፍ፣ በውኃው ውስጥ ኮራል፣ በየብሱ የሼኹ መካነ መቃብር ያለባት ትንሽ ደሴት ናት። እሳቸው ጠልቀው ይህን ቅርንጫፍ ገነጠሉ። ይዘው ሲወጡ ለዝያራ የመጡ አንዲት አሮጊት አይተው፣ ምንም ሳይናገሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያ ራስ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይነቀነቅብኛል» አሉኝ።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የአስመራ በረራ ከሃያ ዓመት በኋላ ተከፈተ። በዓመቱ እኔም ልሄድ መሆኑን ሲሰሙ፣ ኮራሉን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «መልስልኝ።»

ተከራከርኳቸው። የማስተማር ልማድ መቼ ይለቃል! ኮራል የጥቃቅን እንስሳት ሥራ ነው፤ ከኖራ የተሠራ አጽማቸው ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያድጋል፤ ይኼኛው ግን ከሞተ ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ ቢመለስ አይበቅልም አልኳቸው። የምጽዋ አሮጌ ቤቶች ራሳቸው በኮራል ድንጋይ የተገነቡ ስለሆኑ አንድ ቅርንጫፍ ምን ያህል ነው? ደግሞስ እርስዎ ጴንጤ ነዎት፤ የሼኽ መቃብር ምን አገባዎት?

ቡናቸውን ፉት አሉና፣ «መምህር፣ ዕዳ የሚከፈለው አበዳሪው ስለተራበ ነው እንዴ?» አሉ። «እነዚያ ቤት ሊሠሩበት ነው የወሰዱት። እኔ ልታይበት ነው። የእኔ ጸሎት ቤት ገብቶ ወንበር የሚነቅል ሰው ቢኖር፣ እምነቱ ሌላ ስለሆነ ምንም አላጠፋም እላለሁ?»

መልስ አጣሁ። ነገሩን ሳሰላስል የተረዳሁት፣ እኔ ስለ ጉዳት ሳወራ እሳቸው ስለ ዕዳ ያወሩ እንደነበር ነው። ጉዳት ይለካል፤ ሊጠገን የማይችል ከሆነም «አልፏል» ይባላል። ዕዳ ግን በባለ ዕዳው ልብ ውስጥ የሚኖር ነገር ነው። ባለቤቱ ቢረሳውም፣ ቢሞትም፣ ባይጠይቅም አይሰረዝም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረታችን ስለ ወርቁ ባለቤት ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስላጌጠበት ሰው ነው።

የሌላው ዕዳ ሲሆን ደግሞ ይህ ሁሉ ግልጽ ይሆንልናል። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. የወሰደችውን የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ስትመልስ፣ «ለምን ይጠቅማችኋል?» ብሎ የጠየቀን ቢኖር በተቆጣን ነበር። ከዳህላክ ደሴቶች ጥንታዊ የመቃብር ድንጋዮችም ወደ አውሮፓ ሙዚየሞች የተወሰዱ አሉ። የእነሱን እጅ ማየት ቀላል ነው። የራሳችን መደርደሪያ ግን ዘወትር ከጀርባችን ነው።

ሄድኩ። ምጽዋ በሙቀት ትነዳለች፤ በቤቶቿ ግድግዳ ላይ የጦርነቱ ቁስል አለ። በጀልባ ተሻግሬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ገባሁና ኮራሉን ዝቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ምንም አልሆነም። ዓሦቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ባለ ጀልባው ግን ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ቢሆንም ክንዴ ቀለል አለኝ።

ሻንቶ ተመልሼ ስነግራቸው ሽማግሌው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ውኃው አሁንም ጥሩ ነው?» ጥልፉ ጨርቅ በቦታው ነበር። ምንም አላስቀመጡበትም።

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. በረራው እንደገና ሲቋረጥ ያንን ባዶ ጨርቅ አስታወስኩ። የመመለሻ በር ሁልጊዜ ክፍት አይደለም።

አንባቢዬ፣ ነገሩን በሰው ታሪክ ብቻ ልዘጋው አልፈለግሁም። ቤቴ ውስጥ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ነበር፤ በመምህርነቴ ዘመን ተውሼው የቀረ። ባለፈው ሰሞን ይዤው ሄድኩ። ወጣቷ ሠራተኛ መዝገብ አገላብጣ፣ «ስሙ የለም እኮ፤ ይውሰዱት ጋሼ» አለችኝ።

ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ።