ሰው ሠራሽ ፍርሃትና አረንጓዴው ረሃብ

በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ ለመፍራት ገንዘብ የሚከፍል ፍጡር ከሰው በቀር አይገኝም። የጅብ ድምፅ የሰማ አህያ ይሸሻል፤ ጭልፊት ያየች ዶሮ ጫጩቶቿን ትሰበስባለች፤ ሰው ግን ከሚያስፈራው ነገር ፊት ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ይህ ጠባዩ ፈላስፎችን ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። የግሪኩ አርስጣጣሊስ ስለ አሳዛኝ ድራማ በጻፈው ድርሳን፣ ተመልካች በርኅራኄና በፍርሃት አማካይነት ከነዚሁ ስሜቶች ይነጻል የሚል መልስ ሰጥቷል። መልሱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ነገር ግን አንድ ግዴታ አለበት። ድራማው መጀመሪያ፣ መካከልና ፍጻሜ ያለው፣ እስከ መጨረሻውም የሚታይ መሆን ይገባዋል። የሚያነጻው ፍጻሜው ነውና።

እንግዲህ ፍጻሜው ሆን ተብሎ ስለ ተቆረጠ ፍርሃት ምን እንበል? ጥያቄው የመጻሕፍት ብቻ አይደለም። በዳሞታ ተራራ ግርጌ በተቆረቆረችው በወላይታ ሶዶ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ የቪዲዮ ቤቶች በገነኑበት ዘመን የድምፅ ማጉያቸው ወደ መንገድ ዞሮ የፊልሙን ጩኸት ለአላፊ አግዳሚው ያሰማ ነበር። ዛሬ ያ ማጉያ በየወጣቱ ኪስ ገብቷል። ተማሪው በሻይ ቤት ተቀምጦ ስልኩን ሲከፍት፣ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ የአስፈሪ ፊልም ቅንጭብ፣ በባዕድ ስሙ ትሬይለር የሚባለው፣ ሳይጠራው ይመጣለታል። ሙሉውን ፊልም ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አያየውም። በአንድ ምሽት ከአያሌ ፊልሞች የተቀነጨበ ድንጋጤ ተቀብሎ ይተኛል። መምህራንና የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ይህን ነገር እንደ ተራ ማስታወቂያ አይተው ሲያልፉት ይገርመኛል፤ በዛሬው ወጣት ዓይን ላይ ከሙሉው ፊልም ይልቅ ቅንጭቡ ሳያይል አልቀረምና።

በቅድሚያ ፍርሃቱ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በአስፈሪ ቅንጭብ ውስጥ የካሜራው ዋና ሥራ ማሳየት ሳይሆን መከልከል ነው። ሰፊ ሜዳ የሚያይ ተመልካች አደጋው ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ስለዚህ ካሜራው ወደ ባለታሪኳ ፊት ይጠጋና ከኋላዋ ያለውን በር ከዕይታ ያስወጣዋል፤ ወይም ከጀርባዋ ሆኖ እንደሚያደባ ሰው ቀስ እያለ ይከተላታል፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ ሳይወድ በአዳኙ ዓይን ማየት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው ጆውስ በተባለው ፊልም፣ ሰው በላው ዓሣ ለረጅም ጊዜ አይታይም። ለሥራው የተሰናዳው መካኒካዊ ዓሣ በባሕር ውሃ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ በዓሣው ፋንታ የውሃውን ገጽና የጆን ዊልያምስን ሁለት ኖታዎች ተጠቀመ። ችግር የወለደው ዘዴ ለብዙዎች መማሪያ ሆነ። የስታንሊ ኩብሪክ ዘ ሻይኒንግ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ የቀረበው ቅንጭብ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ካሜራው ፈጽሞ አይንቀሳቀስም። የአንድ ሆቴል አሳንሰር በሮች ፊት ለፊት ይታያሉ፤ የሠሪዎቹ ስም በዝግታ ያልፋል፤ ሙዚቃው እየከበደ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ከበሩ ጥግ የደም ጎርፍ ፈንቅሎ ወጥቶ አዳራሹን ያጥለቀልቃል። ተዋናይ አይታይም፤ ቃል አይነገርም።

ስለ ብርሃን ብዙ ማለት አያስፈልግም። የለመድነው ብርሃን፣ የፀሐይም ሆነ የመብራት፣ ከራስ በላይ ይመጣል፤ ከአገጭ በታች ሲበራ ግን የምናውቀው ፊት እንግዳ ይሆንብናል። በምድጃ ዳር ተረት እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ያስታውሳል። ጀርመናዊው ሙርናው እ.ኤ.አ. በ1922 ኖስፌራቱ በተባለው ድምፅ አልባ ፊልሙ፣ ጭራቁን ትቶ በደረጃ ላይ የሚወጣውን ጥላውን ብቻ አሳየ። የዛሬው ቅንጭብ በዚህ ላይ የጨመረው በምስልና በምስል መካከል የሚያገባውን ፍጹም ጨለማ ነው፤ ዓይን በጨለማው ቅጽበት የራሱን ሥዕል ይሥልበታል።

የድምፁ ነገር ግን ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ካት ፒፕል በተባለው ፊልም፣ አንዲት ሴት በሌሊት ብቻዋን ስትሄድ የተከተላት አውሬ እንዳለ እናስባለን፤ ኮቴው ይጠፋል፤ ጸጥታው ይረዝማል፤ በድንገት እንደ አውሬ ጩኸት የሚሰቀጥጥ ድምፅ ይመጣል፤ የአውቶቡስ ፍሬን ኖሯል። ተመልካቹ ከመቀመጫው የተነሣው በአውሬ አይደለም፤ በጸጥታው ርዝመት ነው። በርናርድ ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1960 ለሳይኮ ፊልም ሙዚቃ ሲደርስ የጅማት መሣሪያዎችን ብቻ ተጠቅሞ እንዲጮኹ አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የሥነ ሕይወት ጥናት የፊልም ድምፆችን መርምሮ፣ አስፈሪ ፊልሞች እንስሳት በጭንቅ ጊዜ ከሚያሰሙት የተሰነጣጠቀ ጩኸት ጋር የሚመሳሰሉ ድምፆችን አዘውትረው እንደሚጠቀሙ አመልክቷል። ዓይናችንን ልንጨፍን እንችላለን፤ ለጆሮ ግን ክዳን አልተሠራለትም። የቪዲዮ ቤቱ ማጉያ ወደ መንገድ የዞረውም ስለዚሁ ነበር።

ዘዴው ይህ ከሆነ የሞራሉ ጥያቄ የቱ ላይ ነው? ትኬት የቆረጠ ሰው ለመፍራት ተስማምቷል። ቅንጭቡ ግን ያልተስማማውን ሰው ያገኘዋል፤ ካስፈራራውም በኋላ የቀረውን ከፈለግህ ክፈል ብሎ ይተወዋል። አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን የተረዳ ይመስላል። ለሳይኮ ባዘጋጀው ከስድስት ደቂቃ በላይ በሚረዝም ቅንጭብ፣ ራሱ እንደ አስጎብኚ እየቀለደ ከክፍል ወደ ክፍል ይመራናል፤ በመጨረሻ የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ ሲገልጥ የሴት ጩኸት ይሰማል። ነጋዴነቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ሊያስፈራን የመጣው ማን እንደ ሆነ ፊቱን አሳይቶናል። በምድጃ ዳር የጅብ ተረት የምታወራ አያትም እንዲሁ ናት። የልጁን ፊት ታያለች፤ ሲበዛበት ድምፅዋን ታለዝባለች፤ ተረቱንም ሳትጨርስ አታስተኛውም። እንደ እኔ አስተያየት ፍርሃትን የሚሠራ ሰው ሁለት ዕዳ አለበት፤ ማንነቱን አለመሰወርና የጀመረውን መጨረስ።

ይህ የመቀስ ጥበብ በአገራችን ታሪክ ታላቁን ሥራ የሠራው በሲኒማ ቤት አልነበረም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይህንኑ ለሕዝብ አቀረበ። የቀረበው ግን እንዳለ አልነበረም፤ በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሠርግ ኬክ፣ ሻምፓኝና ሥጋ የሚጎርሱ የንጉሡ ውሾች እየተቀጠሉ ገብተውበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲመለከቱት ተነግሯቸው ነበር። በማግሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ምስሎቹ በየራሳቸው እውነት ነበሩ፤ ረሃቡም በእርግጥ ተደብቆ ነበር። ስለዚህ ያ ምሽት ሐሰት ነበር የሚል ሰው ትክክል አይመስለኝም። ሆኖም መቀሱ በተለያየ ዓመት የሆነውን በአንድ ሰዓት የሆነ አስመስሎታል፤ ተመልካቹንም በቁጣው ጫፍ ላይ አቁሞ ቀሪውን ለነገ አሳድሮታል። ፍርድ ቤት ምስክር ሰምቶ፣ ክርክር አድርጎ ይጨርሰው ዘንድ የሚገባውን ጉዳይ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ጥይት ጨረሰው፤ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከዚያም በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደም መሰል ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች መሬት ላይ ሲከሰክሱ፣ አገሪቱ የመጪውን የቀይ ሽብር ዘመን ቅንጭብ አየች። የጠርሙስ ስብርባሪ ድምፅ፣ የፈሳሽ መርጨት፣ ከዚያም ዝምታ። የቴሌቪዥኑ ምስል ያን ጊዜ ገና ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ፣ በቤቱ ሆኖ ያየ ሰው ቀዩን በአሳቡ መጨመር ነበረበት። ከዚህ ትርዒት ግን ተነሥቶ መውጫ በር አልነበረም።

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ ዓለምን አናወጠ። በንጋት የተነሣው የሜዳው ምስል፣ ጋቢ የለበሰው ሕዝብ፣ አቧራውና ብርዱ እስከ ዛሬ በብዙ ሰው አእምሮ አለ። ዘገባው ዕዳውን የከፈለ ይመስለኛል፤ የተናጋሪው ድምፅ ዝግ ያለ ነበር፤ ቦታውም በስሙ ተጠርቷል። በሐምሌ 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላዴልፊያ በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ግን፣ የካናዳ ቴሌቪዥን ያነሣቸው የረሃብተኞቻችን ምስሎች ድራይቭ ከተባለ የአሜሪካኖች የፍቅር ዘፈን ጋር ተቀነባብረው ታዩ። ገንዘብ ጎረፈ፤ የተረፈ ነፍስም አለና ይህን ማጣጣል አይገባም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ረሃብ የራሱ መልክና ዜማ ያለው ሆነ። ቡናማ መሬት፣ የተሰነጠቀ ኩሬ፣ የከብት አፅም፣ የአጥንት ቅርጹ የወጣ ሕፃን፣ ዝማሬ። የዓለም ዓይን ረሃብን የሚያውቀው በዚህ ቅንጭብ ብቻ ነው።

የወላይታ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በአያሌ ቤተ ሰቦች እጅ ያለው ማሳ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ከጎጆው ዙሪያ እንሰትና ቡና፣ ጎደሬ፣ ቀጥሎም በቆሎና ስኳር ድንች ይታያል። የበልግ እህል እስኪደርስ ቤተ ሰቡን የሚያሻግረው ስኳር ድንቹ ነው። የበጋው መግቢያ ዝናብ ጠፍቶ ስኳር ድንቹ ሲከሽፍ፣ የበልጉም ዝናብ ሲዘገይ፣ ጎተራው ባዶ ይሆናል። በኋላ ዝናቡ ይመጣል፤ ኮረብታው ይለመልማል፤ በቆሎው ጉልበት ይደርሳል፤ የሚበላ ፍሬ ግን ገና አልያዘም። ሰው የሚራበው በዚህ ልምላሜ መካከል ነው። በ1992፣ በ1995ና በ2000 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ ለደረሰው መከራ አረንጓዴ ረሃብ የሚል ስም ወጥቶለታል።

ይህን በካሜራ ዓይን እናስበው። አቧራ የለም፤ የንጋት ጉም አያስፈልግም፤ ብርሃኑ የእኩለ ቀን ብርሃን ነው፤ ከኋላ የሚታየው የእንሰት ቅጠል ሰፊና ወዘናማ ነው። ወፍ ይጮኻል። ይባስ ብሎ፣ የገንቢ ምግብ እጦት የሚያመጣው ክዋሺዮርኮር የተባለው በሽታ የሕፃኑን ፊትና እግር ያሳብጠዋል፤ ላላወቀ ሰው ሕፃኑ በፎቶግራፍ ላይ የጠገበ ይመስላል። ለጥላና ለከበሮ የሠለጠነ ዓይን በዚህ ምስል ላይ የሚፈራው ነገር ያጣል። እንግዳው ከመኪናው ሳይወርድ ምን ያለ ለም አገር ነው ብሎ ያልፋል።

ጉዳቱ እንግዲህ ልጆች ሌሊት ይባንናሉ ከሚለው የተለመደ ስሞታ እጅግ ይበልጣል። ዕለት ዕለት የሚጎርፈው ቅንጭብ፣ አደጋ ማለት በጨለማ የሚመጣ፣ ሙዚቃ የሚቀድመው ነገር ነው እያለ ያስተምራል። ተማሪው ይህን ተምሮ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሲመደብ፣ ወይም የቀበሌ ሹም ሲሆን፣ በብርሃን የመጣውን አደጋ በምን ያውቀዋል? አስፈሪ ፊልም ይከልከል የሚሉ ሰዎች አሉ። በአሳባቸው አልስማማም፤ ከልካዩ ራሱ ጠርሙስ ሰባሪ ሲሆን አይተናል። ይልቅስ በየትምህርት ቤቱ የድምፅና የምስል ጥበብ ቢመረመር፣ ለምሳሌ አንዱን ቅንጭብ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቶ፣ ቀጥሎ ምስሉን ሸፍኖ ማሳየት ቢለመድ፣ ልጆቹ የድንጋጤአቸውን ስፌት በጣታቸው ይዳስሱት ነበር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ስልክና አንድ ጥቁር ጨርቅ ይበቃዋል።

ለሠዓሊውና ለፊልም ሠሪው የሚቀረው ሥራ ግን ይከብዳል። ለአረንጓዴው ረሃብ የሚሆን ምስል ገና አልተለመደም። ምናልባት ካሜራው ሳይጠጋ፣ ሳይርቅም፣ በእኩለ ቀን ከአንድ ጓሮ ፊት ይቆም ይሆናል። እንሰት ለመብሰል ዓመታት ይፈጅበታል፤ አንዲት እናት ገና ያልደረሰውን ግንድ ስትቆርጥ ትታያለች። ቀጥላ ወደ ሁለተኛው ትዞራለች፤ እርሱ ከመጀመሪያው ያንሳል። ሦስተኛው ከወገቧ አይበልጥም። ሙዚቃ የለም፤ የቢላዋው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከጓሮው ማዶ ዳሞታ ለምልሞ ይታያል።